ዓመቱን ማን ቆጠረው?

ባለፈው እሑድ ታላቅ እህቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጠብ ተነሣ። የመሬት ጠብ አይደለም፣ የውርስም አይደለም፤ የወተት ነው። የእህቴ ልጅ የዘጠኝ ወር ማሙሿን ታቅፋ መጥታለች። ከቦርሳዋ ቆርቆሮ አወጣች፣ ከፔርሙስ ውሃ ቀዳች፣ ዱቄቱን በማንኪያ እየለካች ጡጦው ውስጥ ጨመረችና ታንቀረቅበው ጀመር። እህቴ ሲኒውን አስቀመጠች።

«ዘጠኝ ወር ሞላው እኮ! አሁንም በቆርቆሮ? እዚሁ ጎረቤታችን የምትታለብ ላም እያለች? እናንተን በምን አሳደግናችሁ?»

«እማዬ፣ ሐኪሙ ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት እንዳትሰጪው ብሎኛል።»

«ይኼን ዓመት የምትሉትን ማን ቆጠረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሐኪም ነዋ!»

ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። «በል እንግዲህ አንተ መምህር አልነበርክ? ፍረድ!» አለች እህቴ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው። ስለ ግጥም ቤት መምቻ ጠይቁኝ፤ ስለ ወተት የማውቀው ግን ምድጃ ላይ ጥደውት ዘወር ካሉ እንደሚገነፍል ብቻ ነው። «በረካው ይድረስና እፈርዳለሁ» ብዬ አመለጥኩ። በረካውም ተጠጣ፣ እኔም ሳልፈርድ ወጣሁ። የእህቴ ጥያቄ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። «የላም ወተት መቼ ይጀመር?» ብትል ኖሮ የሐኪም ጉዳይ ነው ብዬ እተወው ነበር። እሷ ያለችው ግን «ማን ቆጠረው?» ነው። ይሄ የታሪክ ጥያቄ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን እነሆ፤ ታሪኩ አብዛኛው የፈረንጆቹ ስለሆነ ዘመኑንም እንደ እነሱ እቆጥራለሁ።

በሰው ልጅ ታሪክ ረጅሙ ዘመን ይህ ጥያቄ ጥያቄ አልነበረም። ሕፃን ይጠባል። እናቱ ብትሞት ወይም ወተቷ ቢነጥፍ ሌላ ሴት ታጠባዋለች። «የጡት ልጅ» የሚለው የእኛ ቃል ራሱ ዝምድና ከደም ብቻ ሳይሆን ከወተትም እንደሚወለድ ይመሰክራል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የሰው ልጅ ማጥባት የታወቀ የደመወዝ ሥራ ነበር። ሌንዋር የተባለው የፓሪስ የፖሊስ ሹም በ1780 ባሰፈረው ግምት፣ በከተማዋ በዓመት ከሚወለዱት 21 ሺህ ሕፃናት ውስጥ በገዛ እናታቸው ጡት የሚያድጉት 1 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ በጋሪ እየተጫኑ ወደ ገጠር አጥቢዎች ይላኩ ነበር።

አጥቢ ያልተገኘላቸው፣ በተለይም መንገድ ላይ ተጥለው የተገኙት፣ የእንስሳ ወተትና በውሃ የራሰ ዳቦ ይሞከርባቸው ነበር። ብዙዎቹ አልተረፉም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በ1881 አንድ የፓሪስ የተጣሉ ሕፃናት ሆስፒታል ግቢው ውስጥ የአህያ ጋጣ ሠራ። ቂጥኝ ይዟቸው የተወለዱትን ልጆች ለአጥቢ ሴት መስጠት በሽታውን ለእሷም ማውረስ ስለሆነ፣ ነርሶች ሕፃኑን አቅፈው አህያዋ ሆድ ሥር አስጠግተው ያጠቡት ነበር። እንዳትስቁ! እዚህ አገር ለትክትክ የአህያ ወተት ሲታዘዝ ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። ሐኪሞቹ ዝም ብለው አህያ አልመረጡም። የአህያ ወተት ቀጠን ያለ ነው፤ ከላም ወተት ይልቅ ለሰው ወተት ይቀርባል።

የላም ወተት ታዲያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም፤ ለጥጃ የተሠራ ነው፣ በቃ። ጥጃ ሲወለድ የነበረውን ክብደት በ47 ቀን ገደማ እጥፍ ያደርገዋል። የሰው ልጅ ለዚሁ አምስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ጥጃ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ ይሄዳል፤ የእኛ ማሙሽ በዘጠኝ ወሩ ሶፋ ተደግፎ ለመቆም ገና ይታገላል። ለዚያ ሩጫ እንዲሆን የላም ወተት ከሰው ወተት ሦስት እጥፍ የሚደርስ ፕሮቲንና ከፍ ያለ ማዕድን ይይዛል። ለጥጃ አጥንት የሚሆነው ለሕፃን ኩላሊት ሸክም ነው።

ጉስታቭ ፎን ቡንገ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ደግሞ በ1889 አንድ ትልቅ ነገር አስተዋለ። ወተት፣ የማንም ይሁን የማን፣ በብረት ማዕድን ድሃ ነው። ታዲያ ጠቢ ሁሉ ደሙ አልቆ ለምን አይሞትም? መልሱ፣ ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ማህፀን የብረት ስንቅ ይዞ ይመጣል የሚል ነው። ዛሬ እንደምናውቀው፣ በደህና ጊዜ ለተወለደ ልጅ ይህ ስንቅ ስድስት ወር ገደማ ያደርሰዋል። አንባቢዬ፣ ይህቺን ስንቅ ያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ነገሩን ያከፋው ከተማ ነው። እናቶች ፋብሪካ ሲገቡ፣ ላሞችም አብረው ከተማ ገቡ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኒውዮርክ ውስጥ ላሞቹ የታሰሩት ከአረቄ ፋብሪካዎች አጠገብ ነበር። ከጋኑ የሚወጣው ትኩስ አተላ በቀጥታ ገንዳቸው ውስጥ ይወርዳል። አተላ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ የእኛም አገር ከብት ያውቀዋል። እነዚያ ላሞች ግን ከአተላ በቀር ሌላ ሳይቀምሱ፣ ፀሐይ ሳያዩ፣ እግራቸው እስኪሰነጠቅ ጅራታቸው እስኪበሰብስ ታስረው ይታለቡ ነበር። ወተቱ ቀጭንና ሰማያዊ ቢጤ ሆኖ ሲወጣ ነጋዴው ኖራ እየበጠበጠበት «የገጠር ንጹሕ ወተት» ብሎ ይሸጠዋል። ፍራንክ ሌስሊ የተባለው የሥዕላዊ ጋዜጣ ባለቤት በ1858 እነዚያን ጋጣዎች በሥዕል አውጥቶ አገሩን አንጫጫ። አንድ የጋዜጣ ዓምደኛ ይህን ሲያነብ ለሙያው ትንሽ ይኮራል፤ አልዋሽም።

ጡጦውም የራሱ ታሪክ አለው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተወደደው ጡጦ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ያለው ነበር። ሕፃኑ ተኝቶ ብቻውን ስለሚጠባ እናትን ያሳርፋል። ቱቦውን ግን አጥቦ ማጽዳት አይቻልም። ይባስ ብሎ በዘመኑ እጅግ የተነበበው የሚስስ ቢተን የቤት አያያዝ መጽሐፍ፣ የጡጦውን ጫፍ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይፈቱ ማቆየት እንደሚቻል ይመክር ነበር። ያን ጊዜ ስለ ተሐዋስያን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ፈረንሳይ ባለቱቦ ጡጦን በሕግ የከለከለችው በ1910 ነው። ልብ በሉ፤ እነዚያ እናቶች ሰነፎች ወይም ጨካኞች አልነበሩም። የዘመናቸው መጽሐፍ ያዘዛቸውን ነው የፈጸሙት።

ሳይንስ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ የተባለው ስመ ጥር ጀርመናዊ ኬሚስት በ1860ዎቹ ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከብቅል «የእናት ጡት ምትክ» አዘጋጀ። በ1867 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ቬቬይ ከተማ የሚኖር ሄንሪ ኔስሌ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ ወተትና የተጋገረ የስንዴ ዱቄት ቀላቅሎ አደረቀና ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ ምንም አልቀበል ላለ ሕፃን ሰጠ። ልጁ ተረፈ። የዛሬው ግዙፍ ኩባንያ መነሻ ያ ልጅ ነው።

በጎ ሰዎችም ነበሩ። ናታን ስትራውስ የተባለው የኒውዮርክ ባለሱቅ ከ1893 ጀምሮ በደሃ ሰፈሮች የተፈላ ወተት ማደያዎች ከፈተ፤ በርካሽ፣ ለሌለው በነፃ። በተፈላ ወተት ብዙ ሕፃናት ከተቅማጥ ዳኑ። ግን ተመልከቱ የወተትን ነገር! እሳቱ ጀርሙን ሲገድል ቫይታሚን ሲንም ገደለው። ቶማስ ባርሎ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1883 እንደገለጸው፣ በታሸገና በተፈላ ምግብ ብቻ ያደጉ ልጆች ድዳቸው ይደማ፣ እግራቸውን ሲነኳቸው ይጮኹ ነበር። ያውም የድሃ ልጆች ሳይሆኑ ውድ ቆርቆሮ መግዛት የሚችሉ ሰዎች ልጆች ናቸው። መድኃኒቱ ትንሽ የብርቱካን ጭማቂ ሆነ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ሐኪም አምኖ፣ አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላውን ከፍቷል።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ እየተጠጋን ነው። ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ አብዛኞቹ የአሜሪካ እናቶች የሕፃን ወተት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ያዘጋጁት ነበር። ውሃው የተነነለት አንድ ቆርቆሮ ወተት፣ አንድ ቆርቆሮ ተኩል ገደማ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ሽሮፕ፤ አበቃ። ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። ልጁ አራትና አምስት ወር ሲሞላው ተራ የላም ወተት ይጀምራል። «ዓመት» የሚል ሰው አልነበረም። የዛሬው አሜሪካዊ አያት በዚያ ነው ያደገው። እህቴ «እናንተን በምን አሳደግናችሁ?» ስትል ብቻዋን አይደለችም፤ ያውም ከሳይንሱ አገር አያቶች ጋር ናት።

ታዲያ ምን ተገኘ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ሐኪሞች የገረጡ ሕፃናት ገጠሟቸው። ወፍራም ናቸው፣ ነጭ ናቸው፣ እናትየዋም «ወተት ይወዳል፣ ሌላ አይቀምስም» ትላለች። ደማቸው ሲታይ ግን አልቋል። ቡንገ ያያት ያቺ ስንቅ ተሟጣለች። የላም ወተት ብረት የለውም፤ በዚያ ላይ ሆድ ይሞላና ብረት ያለውን ምግብ ቦታ ያሳጣዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ በአንዳንዶቹ ልጆች ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ተገኘ። ገና ያልጠናው አንጀት በላሙ ፕሮቲን እየቆሰለ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ደም ማነስ በሕፃንነት ሲመጣ ገጽ ማግርጣት ብቻ አይደለም፤ አእምሮ በሚገነባበት ወራት ስለሚመጣ ለትምህርትና ለንቃት የሚተርፍ ጉዳት ያደርሳል። ብረት የተጨመረበት የዱቄት ወተት አስቀድሞ በ1959 ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር።

ቢሆንም ዓመቱ ገና አልተቆጠረም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1983 እንኳ ሲመክር፣ ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ሌላ ምግብ በደንብ ከበላ የላም ወተት ይቻላል ብሎ ነበር። ነገሩን የቀየሩት በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዚግለርና ፎሞን ናቸው። በ1990 ባወጡት ጥናት፣ በአምስት ወር ተኩል ገደማ ዕድሜያቸው የላም ወተት የጀመሩ ጤነኛ ሕፃናትን ሰገራ መረመሩ። ከመጀመራቸው በፊት ደም የተገኘበት ከመቶው 3 ብቻ ነበር። በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ወደ 30 አሻቀበ። በ1992 አካዳሚው ምክሩን ለወጠ፤ የላም ወተት በመጀመሪያው ዓመት አይሰጥ።

እንግዲህ እህቴ ሆይ፣ ዓመቱን የቆጠሩት እነዚህ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ አልቆጠረውም፣ ሂፖክራተስ አልቆጠረውም። አዮዋ ውስጥ የሕፃን ዳይፐር ሲመረምሩ የከረሙ ሰዎች ቆጠሩት። ቁጥሩ ከልጅሽ ዕድሜ ብዙ አይበልጥም። ይህ ማለት ግን ይናቃል ማለት አይደለም። በሕፃናት ደም የተገዛ ቁጥር ነው።

ይህ ታሪክ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የእኛ ዓለም ግማሽ ሌላ ነው።

ሲሲሊ ዊልያምስ ጃማይካ የተወለደች ሐኪም ነበረች። ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ስትሠራ እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የቀላ ሕፃናት አየች። የጋ ሕዝብ ለበሽታው ስም ነበረው፤ ክዋሽዮርኮር። አዲስ ልጅ ሲመጣ ከጡት የተገፋውን ታላቅ የሚይዘው በሽታ እንደማለት ነው። ዛሬ ዓለም በሙሉ በዚያው ስም ይጠራዋል። ይህችው ሴት በኋላ ሲንጋፖር ተዛወረች። እዚያም ነርስ የሚመስል ነጭ ልብስ የለበሱ የኩባንያ ሴቶች፣ ወተታቸው የሚፈስ እናቶችን በስኳር የጣፈጠ የቆርቆሮ ወተት ሲያስለምዱ አገኘች። በ1939 የከተማው ባለ ሀብቶችና ሹማምንት በተሰበሰቡበት ክበብ ተጋብዛ ንግግር አደረገች። ርዕሱ «ወተትና ግድያ» ነበር። ይህን ያህል ሞት ያደረሰ የተሳሳተ ቅስቀሳ እንደ ነፍስ ግድያ ሊቆጠር ይገባል አለቻቸው።

ሰሚ እስኪያገኝ 35 ዓመት ፈጀ። በ1974 አንድ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት በአፍሪካ ስለሚካሄደው የቆርቆሮ ወተት ንግድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የበርን ወጣቶች ወደ ጀርመንኛ ሲመልሱት ርዕሱን «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» አሉት። ኩባንያው ከሰሰ። በ1976 ዳኛው ርዕሱ ስም ማጥፋት ነው ብሎ ወጣቶቹን በሰው 300 የስዊስ ፍራንክ ቀጣቸው፤ ኩባንያውንም የማስታወቂያ አሠራርህን መርምር አለው። በወረቀት ኩባንያው ረታ፤ በዓለም ፊት ግን ተረታ። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ምርቱን ያለመግዛት አድማ ተጀመረ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተተኪዎችን ሽያጭ የሚገዛውን ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። ሦስት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ የተቃወመችው አንዲት አገር ብቻ ናት፣ አሜሪካ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ምን ነበር? ዱቄቱ መርዝ አይደለም። በንጹሕ ውሃ፣ በተፈላ ጡጦ፣ በትክክለኛው ልክ ሲበጠበጥ ልጅ ያሳድጋል። ነገር ግን ውሃው ከወንዝ ሲቀዳ፣ ማገዶው ጡጦ ለመቀቀል ሲሰስት፣ ቆርቆሮውም ከደመወዝ ሲወደድ እናት ምን ታደርጋለች? ታቀጥነዋለች። የአራት ቀኑን ቆርቆሮ አሥር ቀን ታስኬደዋለች። ልጁ ጡጦውን ሙሉ ይጠባል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አካሉ ግን ይከሳል። ቢጠይቋት «ወተት እየሰጠሁት ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። የእሷ ጡት ደግሞ ሳይጠባ ስለሰነበተ ነጥፏል። መመለሻ መንገዱ ተዘግቷል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ኢትዮጵያ ገቡ። የዘመናዊ ወተት ልማታችን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከእነሱ ነው። በ1960 በዩኒሴፍ እርዳታ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተከፈተ፤ «ሾላ ወተት» የሚለው የአዲስ አበባ ስም ከዚያ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት ከስዊድን ጋር በተጀመረ የሕፃናት ምግብ ሥራ ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከዱቄት ወተት የተሠራ ምግብ ወጣ። ስሙንም «ፋፋ» አሉት። ስም አወጣጥ ካየሁ እንዲህ ያለ አላየሁም። ማስታወቂያ ሳይሆን ምርቃት ነው። ልብ በሉ፤ ፋፋ የጡት ምትክ ለመሆን አልመጣም። ጡት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ ሲደርስ፣ ያቺ ስንቅ ስታልቅ፣ ለመደጎም ነው የመጣው።

ጡት ማጥባት ዛሬም የእኛ አገር ደንብ ነው። በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናታችን 58 ከመቶው ጡት ብቻ ይጠባሉ። ይህ ብዙ ሀብታም አገሮች የሚቀኑበት ቁጥር ነው። ግን ከተማ ውስጥ ያለችው፣ ደመወዝተኛዋ እናትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ተከታታይ ቀን ነው። ሐኪሙ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላታል። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። ሒሳብ የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ መምህር እንኳ ሲቀንስ 90 ያገኛል። በዚያ 90 ቀን ውስጥ የሚገባው ማነው? ቆርቆሮው ነዋ! የእህቴ ልጅ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። በሦስተኛው ወር ተመለሰች። ወተቷን የምታልብበት ክፍል ቀርቶ በር የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት የለም። በአምስተኛው ወር ነጠፈች። ቆርቆሮ የመረጠች እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ መንገድ አልቀረላትም።

የዓመቱ ነገርስ? እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ ጊዜ ዞሯል። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ሚቺጋን ያለ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ፋብሪካ ሲዘጋ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። የዓለም ሀብታም አገር እናቶች ቆርቆሮ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ዞሩ። ያው በ1992 «ዓመት» ያለው አካዳሚ ያን ጊዜ፣ ሌላ አማራጭ ለጠፋባቸው ከስድስት ወር በላይ ላሉ ልጆች የላም ወተት ለጥቂት ቀናት ይቻላል አለ። በ2023 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ መመሪያ አወጣ። ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ፣ የእናት ጡት ለማያገኙ ልጆች፣ የዱቄት ወተትም ይሁን የእንስሳ ወተት መስጠት ይቻላል ይላል። ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነም ራሱ ይናገራል። ከዓመት በኋላ ላሉት የእንስሳ ወተት ይሰጥ፣ «ደረጃ ሦስት» ምናምን እየተባለ የሚሸጠው ቆርቆሮ አያስፈልግም ይላል። የብዙ አገር ሐኪሞች ግን አሁንም በዓመቱ ጸንተዋል። ከስድስት ወር በታች ግን ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። ተራ የላም ወተት፣ በውሃ ቢቀጥንም ባይቀጥንም፣ አይሆንም።

እንግዲህ ማን ትክክል ነው? አዮዋ ወይስ ጄኔቫ? እኔ እንደሚገባኝ የሚነጋገሩት ስለተለያየ ቤት ነው። አንደኛው ብረት ያለው ቆርቆሮ በቀላሉ መግዛት የሚችል ቤት ያስባል። ሁለተኛው ቆርቆሮው እየቀጠነ የሚሰጥበትን፣ ላም ግን ደጅ ላይ የምትታለብበትን ቤትም ያስባል። ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ስንቅ አልቃ የሚተካት ሳይኖር፣ ልጁ ወተት ብቻ እየጠጣ ደሙ እንዳያልቅ። ወተቱ ከላምም ይምጣ ከቆርቆሮ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንቁላል፣ የደቀቀ ሥጋ፣ ምስር፣ አትክልት አብሮት ካልገባ ዕዳ ነው። ወተቱም ካልተፈላ የላሟን በሽታ ይዞ ይገባል። ዓመት ከሞላው በኋላ እንኳ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ምግቡን ይገፋበታል።

ይህን ሁሉ ይዤ በሳምንቱ ተመለስኩ። ተዘጋጅቻለሁ፤ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ የቆምኩ ይመስል ከሊቢሽ ልጀምር ስል የእህቴ ልጅ ጡጦውን ልትበጠብጥ ተነሣች። ቆጠርኩ። ከቆርቆሮው ላይ ለዚያ ውሃ አምስት ማንኪያ ይላል፤ እሷ አራት ጨመረች።

«አምስት አይልም እንዴ?» አልኳት።

ዝም አለች። ጡጦውን ከደነችው፤ አላንቀረቀበችውም። «ደመወዝ እስኪገባ ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም። «በወሩ መጨረሻ አካባቢ አንድ አንድ እቀንሳለሁ። ብዙ አይደለም።»

አወቅሁት፤ ያ የ1974 መጽሐፍ የሚናገርለት ነገር ነው። አፍሪካ ውስጥ በሩቅ የሆነ ታሪክ መስሎኝ ሳነበው ነበር። እህቴ ሶፋ ላይ እየተጫወተ ነው።

ታላቅ እህቴ ምንም አልተናገረችም። ተነሥታ ጡጦውን ከልጇ እጅ ወሰደች፣ ቆርቆሮውን ከፈተች፣ አምስተኛውን ማንኪያ ጨመረች፣ አንቀረቀበችና ለማሙሽ ሰጠችው። ስለ ላሟ አንድ ቃል አላነሣችም። እኔም ስለ አዮዋ አላወራሁም። ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያ ወስደው ደሙን እንዲያስመረምሩት፣ ስለ ላሟም እዚያው ሐኪሙን እንዲጠይቁ ተስማማን። እስከዚያው ልጁ እንቁላሉን እንዳይተው።

ልንለያይ ስንል እህቴ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ለዓመቱ ስንት ቀረው?»

«ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ገደማ።»

በጣቶቿ ስታሰላ ቆየች። «ዕቁቡ በሚመጣው ሳምንት የኔ ነው» አለች። «ሐኪሙ ዓመቱን ይጠብቅ ካለ፣ እስከዚያ ያለውን ቆርቆሮ ከዚያ እገዛለሁ። ዓመቱን እኔ እቆጥረዋለሁ።»